ወላድ በድባብ ትሂድ፦ የእናት ኩራት ምስጋና ነው ወይስ ትዕቢት?

በአገራችን አንድ ልጅ ለወግ ለማዕረግ በበቃ ጊዜ ጎረቤትና ዘመድ ወደ እናቱ መለስ ብሎ «ወላድ በድባብ ትሂድ» ይላል። ይህን ቃል በየዓመቱ በምረቃ ሰሞን፣ በሠርግ ቤትና በክህነት በዓል ስንሰማው ኖረናል። እኛ ካህናትም ሥልጣነ ክህነት በተቀበልንበት ዕለት እናቶቻችን በዚሁ ቃል ሲመረቁ፣ እነርሱም በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ሲጠርጉ አይተናል። ያን ደስታ ኃጢአት ነው ብሎ የሚፈርድ ሰው ይኖራል ብለን አናስብም። ሆኖም ያው ደስታ በሌላ ቀንና በሌላ ቤት የአንድ ልጅ ልብ የሚቆስልበት ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ከእረኝነት አገልግሎታችን ተምረናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ይዘን ከምእመናንና ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጋር ልንመካከር ወደድን፦ እናት በልጆቿ መኩራቷ ምስጋና ነው ወይስ ትዕቢት? የሁለቱስ ድንበር የት ላይ ይገኛል?

ጥያቄውን ያነሡልን በአንድ ቁምስና የሚኖሩ እናት ናቸው። ነገሩ በምሥጢረ ንስሐ የተነገረን አይደለም፤ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ቆመን ያወጉን ነው። እርሳቸውም «ለሌሎች እናቶች የሚጠቅም ከሆነ ይጻፍ» ብለው ስለ ፈቀዱልን ስማቸውን ሳንጠቅስ እናወሳዋለን።

እኚህ እናት ለ16 ዓመታት በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግለዋል። ሦስተኛው ልጃቸው በሕፃንነቱ በአስም ይሠቃይ ስለ ነበር፣ ሌሊቱን ሲያስታምሙ አድረው ጠዋት ወደ ቢሮ መሄድ ከአቅማቸው በላይ ሆነባቸው። ከባለቤታቸው ጋር መክረውና ጸልየው ሥራውን ለቀቁ። ልጁ ጤናው ከተመለሰ በኋላም ወደ ቀድሞ ሥራቸው አልተመለሱም፤ ሥልጠና ወስደው በቁምስናው አጸደ ሕፃናት አስተማሪ ሆኑ። ደመወዙ የቀድሞውን ግማሽ አይሞላም። እርሳቸው ግን «ገንዘብ ስቆጥር ኖሬ ፊደል ማስቆጠር ጀመርሁ» እያሉ በደስታ ይናገራሉ።

ዓመታት አለፉ። የመጀመሪያዋ ልጃቸው ሐኪም ሆነች፤ ሁለተኛው በምሕንድስና ተመረቀ። የሁለቱም የምረቃ ፎቶግራፍ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሦስተኛው የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ የማለፊያ ነጥብ ስላላገኘ በአንድ ጋራዥ የመካኒክነት ሙያ በመማር ላይ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቲቱ ስለ ሁለቱ በዝርዝር ያወራሉ፤ ስለ ሦስተኛው ሲጠየቁ ግን «እርሱም ደህና ነው» ብለው ወሬውን ይለውጣሉ። አንድ ምሽት እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ ልጁ ሰሐን እያነሣሣ እንዲህ አላቸው፦ «እማዬ፣ ሥራሽን ያስጣልኩሽ እኔ ነኝ፤ ብድርሽን መክፈል ያቃተኝም እኔው ነኝ።»

እናቲቱ ይህን ነግረውን ሲያበቁ «አባ፣ በልጆቼ መኩራቴ ኃጢአት ሆነብኝ ማለት ነውን?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው በአንድ ቃል የሚመለስ ስላልነበረ በዚያ ሰዓት መልስ አልሰጠናቸውም።

በመጀመሪያ ቃሉን እንለይ። በአማርኛችን «ኩራት» ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። አንድን ጀግና የአገር ኩራት ስንለው ማመስገናችን ነው፤ አንድን ሰው ኩራተኛ ስንለው ግን መንቀፋችን ነው። ቅዱሳት መጻሕፍትም ሁለቱን አይቀላቅሉም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ሰው በራሱ እንዳይመካ አጥብቆ ያስተምራል፤ ነገር ግን ያው ሐዋርያ ለተሰሎንቄ ምእመናን ሲጽፍ ጌታ በሚመጣበት ቀን ደስታውና አክሊሉ እነርሱ መሆናቸውን ከመግለጽ አላፈረም። ለልጁ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍም የአያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን እምነት በስም ጠርቶ አመስግኗል። እንግዲያስ በልጅ መደሰት፣ ስለ ልጅም ማመስገን ከእግዚአብሔር የተሰጠ የልብ ሥራ ነው። ልጁ ሲያድግ ልቡ የማይሞቅ ወላጅ ትሑት ነው ሊባል አይችልም፤ ስጦታውን ያላየ ነው እንጂ።

ትዕቢት ግን ከየት ይጀምራል? ታላቁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ መጽሐፈ ኢዮብን ሲተረጉም ትዕቢት የሚገለጥባቸውን አራት መንገዶች ዘርዝሯል፤ ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም በ«ሱማ ቴዎሎጂካ» ይህንኑ ተቀብሎ አብራርቶታል። ትምህርቱ ለገዳማውያን ብቻ የሚጠቅም መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ወደ ሳሎናችን አምጥተን ብናየው የየዕለት ኑሯችንን የሚነካ ሆኖ እናገኘዋለን።

የመጀመሪያው መንገድ፣ ሰው ያለውን መልካም ነገር ከራሱ የተገኘ አድርጎ ማሰቡ ነው። «ልጄን ለዚህ ያበቃሁት እኔ ነኝ» የምትል እናት በዚህ መንገድ ላይ ቆማለች። ሁለተኛው፣ መልካሙ ነገር ከእግዚአብሔር መሆኑን እያመነ፣ የተሰጠኝ ግን ስለሚገባኝ ነው ብሎ ማሰቡ ነው። ሦስተኛው፣ በሌለው ነገር መመካቱ ነው፤ የልጁን ውጤት ከፍ አድርጎ የሚያወራ፣ ያልያዘውን ሥራ ይዟል የሚል ወላጅ በዚህ ይወድቃል። አራተኛው፣ ሌሎችን እየናቀ በዚያ ነገር ብቻውን ጎልቶ ለመታየት መሻቱ ነው፤ የራስን ልጅ ለማመስገን ሲባል የጎረቤትን ልጅ ማሳነስ ከዚህ ይቆጠራል።

ከአራቱ ይልቅ በመልካም ምእመናን ቤት ተሸሽጎ የሚገኘው ሁለተኛው ይመስለናል። ምክንያቱም ጸሎትን የሚያውቅ፣ «ሁሉም ከእግዚአብሔር ነው» የሚል ትዕቢት ነውና። እኚህ እናት የልጆቻቸውን ስኬት የራሳቸው ሥራ አድርገው ቆጥረው አያውቁም። በየጊዜው ሻማ አብርተዋል፤ የምስጋና ቅዳሴ አስቀድሰዋል። ነገር ግን በልባቸው ውስጥ «ሥራዬን ስለ ልጆቼ ትቻለሁ፤ እግዚአብሔርም አይቶ ካሠኝ» የሚል ሐሳብ ቀስ በቀስ ሥር ሰድዶ ነበር። ሐሳቡ ሲያዩት እምነት ይመስላል። የሚያስከትለውን ግን እንመልከት። የሁለቱ ልጆች ስኬት የመሥዋዕቱ ካሣ ከሆነ፣ ሦስተኛው ልጅ ካሣው ያልተከፈለበት ቦታ ይሆናል። እናቲቱ የሒሳብ መዝገቡን በመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትተው የወጡ መስሏቸው ነበር፤ መዝገቡ ግን ሳያውቁት አብሯቸው ወደ ቤት ገብቶ ኖሯል። ልጁም አንድም ቀን ሳይነገረው ገጹን አንብቦ ስሙን በዕዳ በኩል አገኘው።

እዚህ ላይ ስለ ሥራ መተውና መለወጥ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አንዳንድ ጊዜ ሥራዋን ለልጆቿ ብላ የተወች እናት ከማትተወው እናት ይልቅ ጻድቅ ተደርጋ ትወደሳለች፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በተቃራኒው ሥራ የለቀቀችው እናት ዋጋዋን እንዳጣች ተቆጥራ ይታዘንላታል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከሁለቱም ይርቃል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፣ እናት ልጆቿን ለመንከባከብ መፈለጓ እንደ ጉዳት እንዳይቆጠርባት፣ በሥራ ላይ ያለችዋም ሴት የእናትነት ድርሻዋን ለመተው እንዳትገደድ ኅብረተሰቡ አሠራሩን እንዲያስተካክል አሳስበዋል። በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለሴቶች በላኩት መልእክትም እናቶችንና በልዩ ልዩ የሥራ መስክ የተሰማሩ ሴቶችን በየተራ አመስግነዋል። ስለዚህ በሥራ መቆየትም ሆነ ሥራ መልቀቅ በራሱ ቅድስናን አያስገኝም፤ የሚመዘነው የተደረገበት ፍቅር ነው።

ለዚህ ምስክር የምትሆነን የቅድስት ትሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስ እናት፣ ቅድስት ዜሊ ማርቲን ናት። ዜሊ በፈረንሳይ አገር በ1831 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ተወለደች። በወጣትነቷ ድሆችንና ሕሙማንን የሚያገለግሉ ደናግል ማኅበር ለመግባት ብትለምንም አልተቀበሏትም። ያሰበችው መንገድ በተዘጋባት ጊዜ የአላንሶን ከተማ የታወቀችበትን የዳንቴል ሥራ ተምራ በስሟ ሥራ ከፈተች፤ ብዙ ሴቶችንም በየቤታቸው አሠራች። በ1858 ዓ.ም. ሰዓት ሠሪውን ሉዊ ማርቲንን አገባች። ልጆች ከመጡ በኋላም ሥራዋን አልተወችም። እንዲያውም በ1870 ዓ.ም. ሙያውን ትቶ የሚስቱን ሥራ ለማገዝ የመጣው ባልዋ ሉዊ ነው። እነሆ፣ በዚያ ቤት ሥራ የለወጠው አባት ሲሆን፣ በእኛ ቁምስና ደግሞ እናት ሆኑ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ሁለቱን ባልና ሚስት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአንድነት ቅዱሳን ብለው ሲያውጁ፣ አንዱ ስለ ለቀቀ ሌላዋም ስላልለቀቀች አልነበረም፤ ሁለቱም ያደረጉትን በፍቅር ስላደረጉት ነው እንጂ።

ስለ ዜሊ ስናነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የቅድስት ትሬዛ እናት መሆኗን ነው። እርስዋ ግን ይህን ክብር በሕይወቷ አላየችም። ዘጠኝ ልጆች ወልዳ አራቱን በሕፃንነታቸው ቀብራለች፤ በነሐሴ 1877 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በጡት ካንሰር ስትሞት ትሬዛ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የዜሊን ልብ ይዛ የነበረችው ሌላ ልጅ ናት፤ ሌዎኒ ትባላለች። ሌዎኒ ትምህርት ይከብዳት፣ ጠባይዋም ያስቸግር ነበር። አክስቷ ገዳማዊት ሆና በምትኖርበት ቤት ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት እንኳ ሊያቆያት ስላልቻለ ወደ ቤት ተመልሳለች። ከዜሊ ደብዳቤዎች ከ200 በላይ የሚሆኑት እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ፤ የሌዎኒ ነገር በእነርሱ ውስጥ ይመላለሳል። ዜሊ ስለዚህች ልጅ ዝም አትልም፤ ችግሯንም አትደብቅም፤ ተስፋዋንም አትቆርጥም። ልትሞት ጥቂት ወራት ሲቀራት፣ የቤት ሠራተኛዋ ሌዎኒን በስውር በማስፈራራት ስትገዛት መኖሯ በታወቀ ጊዜ እናቲቱ ልጅቷን ወደ ራሷ አቀረበቻት፤ የቀራትንም ጊዜ ለእርስዋ ሰጠች። ፈውስ ለመለመን ወደ ሉርድ ስትጓዝም ከወሰደቻቸው ልጆች አንዷ ሌዎኒ ነበረች። ፈውሱ አልመጣም፤ የሌዎኒም ጠባይ ተስተካክሎ ሳታይ ዐረፈች።

ሌዎኒ በገዳማዊ ሕይወት ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። በ1899 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለአራተኛ ጊዜ ገባች፤ በካን ከተማም እስክትሞት እስከ 1941 ዓ.ም. ድረስ በትሕትና ኖረች። ዛሬ የብፅዕና ጉዳይዋ በቤተ ክርስቲያን በመታየት ላይ ነው። ይህን የምናነሣው ደካማ የሚመስል ልጅ ሁሉ በመጨረሻ ይሳካለታል ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ብንል ያንኑ የካሣ ሒሳብ በሌላ በር ማስገባት ይሆንብናልና። የምናነሣው ዜሊ ፍሬውን ሳታይ ስለ ወደደች ነው። ሌዎኒ ሳይሳካላት የእናቷ ልጅ ነበረች።

የእናት ኩራት በሂደት እንደሚነጻ ወንጌልም ያሳየናል። የዘብዴዎስ ልጆች እናት ወደ ጌታ ቀርባ ሁለቱ ልጆቿ በመንግሥቱ አንዱ በቀኙ፣ አንዱም በግራው እንዲቀመጡ ለምናለች። ጌታችን ልመናዋን እንዳቀረበችው አልተቀበለም፤ ነገር ግን አላባረራትም። ስለ ዙፋኑ ለጠየቁት ስለ ጽዋው መለሰላቸው። የዚህች እናት ታሪክ በዚያ የሚያበቃ ይመስለናል፤ ማቴዎስ ግን በመጨረሻ በጌታ ስቅለት ጊዜ ከሩቅ ሆነው ይመለከቱ ከነበሩት ሴቶች መካከል እርስዋንም ይቆጥራታል። ለልጆቿ ቀኝና ግራ የለመነችው እናት፣ በጌታ ቀኝና ግራ ሁለት ወንበዴዎች ተሰቅለው አየች። የለመነችው ነገር ምን እንደ ነበር ያን ጊዜ ሳይገባት አልቀረም ብለን እናስባለን። ልብ እንበል፤ ያ ልመናዋ ተነቅፎም እርስዋ ጌታን መከተሏን አላቆመችም።

ቅድስት ሞኒካም በዚህ መንገድ አልፋለች። ልጇ አውግስጢኖስ በትምህርቱ ከፍ እንዲል ከአባቱ ጋር ትመኝ ነበር። እርሱ ግን በሚላኖ የነበረውን የተከበረ የንግግር ጥበብ መምህርነት በ386 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ትቶ በሚቀጥለው ዓመት ሲጠመቅ፣ የእናቲቱ ደስታ በሹመቱ ቀን ከነበረው የሚበልጥ ሆነ። በዚያው ዓመት በኦስትያ ስትሞት በዚህ ዓለም የምትመኘው ሌላ ነገር አልቀራትም ነበር።

አንዳንድ አንባብያን «ታዲያ የደከመውንና የሰነፈውን ልጅ እኩል ማመስገን አለብንን? ለትጋት ክብር መስጠት አይገባምን?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፍቅር ሐሰትን አይናገርም፤ ያላለፈውን ልጅ «አልፈሃል» ማለት፣ ሰነፉንም «ጎበዝ» ማለት ፍቅር አይደለም። ለትጋት ምስጋና ይገባል፤ ለስንፍናም ተግሣጽ። ነገር ግን ሥራን ማመስገን አንድ ነገር ነው፤ በልጅነት መቀበል ደግሞ ሌላ። የመጀመሪያው እንደ ድካሙ ይበዛል ያንሳል፤ ሁለተኛው አይበዛም፣ አያንስም። የጠፋው ልጅ አባት ታላቁን ልጅ ያለው ሁሉ የእርሱ እንደ ሆነ ነግሮታል፤ ታናሹንም ገና ሩቅ ሳለ ሮጦ አቅፎታል። የሁለቱ ልጆች ሥራ እኩል አልነበረም፤ ሁለቱም ግን ልጆቹ ነበሩ።

እንግዲህ ድንበሩን ለመለየት ለእናቶችና ለአባቶች ሦስት ጥያቄዎች እናቀርባለን። በመጀመሪያ፣ ስለ ልጆቻችን ስናወራ ዝም የምንለው ስለ የትኛው ልጅ ነው? ኩራታችን ምስጋና ከሆነ ሁሉንም ይቆጥራል፤ አንዱን የሚዘል ከሆነ ያመሰገንነው የራሳችንን ስም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ስለ ልጆቻችን የከፈልነውን ዋጋ ለእነርሱ የምንነግራቸው ለምንድን ነው? ታሪካችንን እንዲያውቁ ከሆነ መልካም ነው፤ እንዲከፍሉን ከሆነ ግን ስጦታውን ወደ ብድር ለውጠነዋል። ሦስተኛ፣ ልጃችን ነገ የያዘውን ማዕረግ ቢያጣ ወይም ስለ እምነቱ ሲል ቢተወው፣ እንደ ሞኒካ ደስታችን ይጸናልን?

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ለእኛም ለካህናት የሚደርሰን ድርሻ አለ። በዓመቱ መጨረሻ ሽልማት ስንሰጥ ጸሎቱን በቃሉ ያጠናውን ልጅ እንጠራለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን ታናሽ እኅቱን አዝሎ ሳይቀር የመጣውን፣ ማንበብ እያቃተው መቅረዝ የሚያነጻውን ልጅ በስሙ የምንጠራበት ጊዜ አለን? በስብከታችንስ የምናነሣቸው ምሳሌዎች ሁሉ የተመረቁና የተሾሙ ልጆች ብቻ ከሆኑ፣ በጋራዥ፣ በሊስትሮ ሥራና በሱቅ የሚያገለግሉ ልጆች እናቶች ከቅዳሴ በኋላ አንገታቸውን ደፍተው እንዲወጡ እኛው አድርገናል ማለት ነው።

ለእናቲቱ በመጨረሻ የሰጠናቸው መልስ አጭር ነበር። «በሁለቱ መኩራትዎ ኃጢአት አይደለም፤ ሦስተኛውን ከምስጋናዎ መተውዎ ግን ቁስል ነው። ከመዝገቡ ላይ ስሙን ይፋቁለት» አልናቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቤታቸውን ለመባረክ ሄድን። ሁለቱ የምረቃ ፎቶግራፎች በነበሩበት ነበሩ። በአጠገባቸው ግን ልጁ የመጀመሪያ ቅዱስ ቁርባን በተቀበለበት ቀን የተነሣው ፎቶግራፍ ተሰቅሎ አየን። ልጁ እጁ በግራሶ እንደ ጠቆረ ከሥራ ገብቶ ሰላም አለን። እናቲቱም «አባ፣ ይህ ሦስተኛው ልጄ ነው፤ ትናንት የጎረቤታችንን መኪና ያስነሣ እርሱ ነው» አሉን። ልጁ አፍሮ ሣቀ። በመካከላቸው የቀረ ነገር ሁሉ በዚያ ቀን አለቀ ለማለት አንደፍርም፤ ለዓመታት የተጻፈ መዝገብ በአንድ ቀን አይፋቅምና።

ወላድ በድባብ ትሂድ የሚለውን ምርቃት እኛም እንላለን፤ እንዲቀርም አንሻም። ነገር ግን ድባብ ለማን እንደሚዘረጋ እናስታውስ። በቅዱስ ቁርባን ዑደት ጊዜ ካህኑ በድባብ ሥር ይሄዳል፤ ድባቡ የተዘረጋው ግን ለተሸከመው ጌታ ነው። ካህኑ ይህን ከዘነጋ የጌታውን ክብር ለራሱ ወስዷል። እናትም እንዲሁ ናት። በእቅፏ የያዘችው የእግዚአብሔር የሆነውን ነውና በድባብ ሥር ትሂድ፤ ልጆቿንም ሁሉ፣ የተመረቀውንም ያልተመረቀውንም፣ ከእርስዋ ጋር በጥላው ሥር ታስገባ። ሁሉን የሰጠን እግዚአብሔር የእናቶቻችንን ደስታ ይባርክልን፤ ክብርና ምስጋና ለእርሱ ይሁን፤ አሜን።